ቁጥር አሥራ ስምንት መንጠቆ

ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ከልጄ ጋር በስልክ የምንገናኘው በሳምንት አንድ ቀን ነው። እሱ ባሌ ውስጥ በመንገድ ሥራ ላይ ነው፤ እኔ ደብረ ማርቆስ ልብስ ሰፊ ነኝ። «አባባ፣ ደህና ነዎት?» ይለኛል። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ?» እለዋለሁ። እሱም ደህና ነው። ስለ ብርዱ እንጠያየቃለን። ከዚያ ሁለታችንም ስልኩን ጆሯችን ላይ ለጥፈን ዝም እንላለን፤ አንዳችን «በል እንግዲህ» እስኪል ድረስ። እናቱ በሕይወት ሳለች አጠገቧ ቁጭ ብዬ እኔም የማወራ ይመስለኝ ነበር። ለካ ወሬው ሁሉ የእሷ ነበር።

አንድ ቀን በቴሌግራም ቪዲዮ ላከልኝ። ወንዝ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ቆሞ ረጅም ዘንግ ያወናጭፋል። መጀመሪያ ጅራፍ የሚያጮኽ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ዓሣ ሲያወጣ አየሁ። ማጥመጃው ትል አይደለም። መንጠቆ ላይ ላባና ክር ይጠመጥሙና ዝንብ ያስመስሉታል፤ ዓሣው እውነተኛ ዝንብ መስሎት ይጎርሰዋል። ልጄ የሚጠቀመው ተሠርቶ የተሸጠለትን ነው። ራሱ ለመሥራት ሞክሮ «እጄ አልታዘዝ አለኝ» ብሎ ጻፈልኝ።

እጅማ የእኔ ነው! ዕድሜ ልኬን ከክር ጋር የኖርኩት እኔ አይደለሁ? ወዲያው አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ልጄ ለፋሲካ ይመጣል፤ መጥቶም አንዲት ሌሊት አድሮ ይሄዳል። ዝንቡን ሠርቼ ብጠብቀውና ዓባይ በረሃ አብረን ብንወርድስ? ዓሣ ፍለጋ የወረደ ሰው በማግሥቱ አይመለስም፤ አንድ ቀን፣ ምናልባትም ሁለት ቀን ይጨምርልኛል። ሌላ ምክንያት የለኝም። ዓሣ ራሱ አልወድም፤ እሾሁ ያስፈራኛል። ለልጄ ግን ትንፍሽ አላልኩም፤ ድንገት ላስደንቀው ነበር ሐሳቤ።

ላባው አላስቸገረኝም። ለገና ገብስማ አውራ ዶሮ ገዝቼ የአንገቱን ላባ አስቀረሁ፤ ወጡን ብቻዬን እያሞቅኩ ስበላው ሰነበትኩ። ጭንቁ መንጠቆው ነበር። ኢንተርኔት ላይ የሚያስተምሩት ፈረንጆች የመንጠቆ ዓይነት ሲያሳዩ አያልቅባቸውም። አንገቱ ረጅም ነው፣ አንገቱ አጭር ነው፣ ሽቦው ቀጭን ነው፣ ሽቦው ወፍራም ነው። ቋንቋቸው ባይገባኝም ፓኮው ላይ ቁጥር አለ፤ ቁጥር ደግሞ የትም አገር ቁጥር ነው ብዬ ተጽናናሁ። የስፌት መኪና መርፌም ቁጥር አለው። ለስስ ጨርቅ አሥራ አንድ፣ ለሱሪ አሥራ አራት፣ ጂንስ ለመሰለ ወፍራም አሥራ ስምንት። የዓባይን ዓሣ ትልቅነት ሲያወሩ እሰማለሁ፤ እንደ ጂንስ ቆጠርኩት። ከአዲስ አበባ ዚፕና ክር ለሚያመጣልኝ ነጋዴ ደወልኩና «ቁጥር አሥራ ስምንት! ከዚያ በታች እንዳታመጣብኝ» ብዬ አፌን ሞልቼ አዘዝኩት።

ያመጣልኝ መንጠቆ ጉንዳን የምታህል ነበረች። መነጽሬን ባደርግም ቀዳዳዋ አልታይ አለኝ። ደውዬ ነጋዴውን ጮኽኩበት። «ቁጥሩን እርስዎ ነዎት ያሉኝ» አለ፤ እውነቱን ነው፣ ፓኮው ላይ አሥራ ስምንት ተጽፏል። ምናልባት መንጠቆ ሁሉ እንዲህ ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልኩ። ከነጋዴው ጋር ከተጣላሁ በኋላ መመለስም አፈርኩ።

ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲቀዘቅዝ መንጠቆዋን በፒንሳ ነክሼ እጠመጥማለሁ። መጀመሪያ ቀይ ክር፣ ከላዩ ገብስማ ላባ። ትንፋሼ ላባውን እያበነነው ስንቱን አበላሸሁ። አልፎ አልፎ ግን አንዷ ትሳካልኝና እውነትም ልትበር ትመስላለች። ያኔ ቀና ብዬ የማሳየው ሰው እፈልጋለሁ። ሱቁ ውስጥ መኪናዬና የተሰቀሉት ሱሪዎች ብቻ ናቸው።

አንዲት ሰው ግን ነበረች። ከሱቄ አጠገብ ሽንኩርትና ቅመም የምትሸጥ ጎረቤቴ፣ ገበያው ጭር ሲል በርጩማዋን ይዛ ደጄ ላይ ትቀመጥ ነበር። ስለ ዋጋው ታማርራለች፣ ስለ ምራቷ ታማርራለች፣ እኔ እየሰፋሁ እሰማታለሁ። ለጥምቀት የምትለብሰውን የሐበሻ ቀሚስ ጠርዝ የሰፋሁላትም እኔ ነኝ። ያን ስሰፋ ላባ ከጠመጠምኩባቸው መንጠቆዎች አንዷ ከጠረጴዛው ወደቀች፤ ትልቅ ብትሆን ኖሮ አያት ነበር። አላየኋትም። ቀሚሱ እጥፋት ውስጥ ገብታ አብራት ሄደች።

በበዓሉ ማግሥት ሱቄ መጣች፤ አልተቀመጠችም። በላስቲክ የጠቀለለችውን ነገር በሁለት ጣቷ ይዛ ጠረጴዛዬ ላይ ጣለችው። ጠበል ውስጥ ነክራው ኖሮ ላባው ተጣብቋል።

«ምነው ጋሼ፣ እኔ ምን በደልሁዎት?» አለችኝ።

ነገሩ ገባኝ። ገብስማ ላባ፣ ቀይ ክር፣ መሃሉ ብረት፤ ያውም በቀሚስ ጠርዝ ተደብቆ! እዚህ አገር ይህን አይቶ መተት ነው የማይል ማን አለ? እኔም ብሆን እል ነበር። «የዓሣ ማጥመጃ ነው» አልኳት። በላባ ዓሣ እንደሚያዝ ሳስረዳ ድምፄ ለራሴም የውሸታም ድምፅ ሆነብኝ። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ዓሣ?» አለች። «እርስዎ ዓሣ ሲበሉ ማን አይቶዎት ያውቃል?»

ሄደች። ከዚያን ቀን ወዲህ በርጩማዋን በራሷ በር ላይ አደረገች፤ ጧት ጧት ከሩቅ «እንደምን አደሩ» ትለኛለች፣ ያም ጨዋ ስለሆነች ነው። ልብስ ሊያሳጥሩ የሚመጡትም ጥቂት ቀሩ፤ ምን እንደተባለ መጠየቅ አልደፈርኩም። ከሰዓት በኋላው እንዲህ ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር። ምራቷ እንኳን ናፈቀችኝ፤ አይቻት የማላውቀው ሴትዮ!

እሑድ ልጄ ሲደውል ዝም ማለት አቃተኝና ሁሉንም ነገርኩት። ድንገት ላስደንቀው ያልኩት ነገር እንደቀረ ቀረ። ሳቀ። እንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ ከእናቱ ለቅሶ ከተለያየን ጀምሮ ሲስቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው። እኔም አብሬው ሳቅኩ። ከዚያ የመንጠቆ ቁጥር እንደ መርፌ እንዳልሆነ፣ ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው እንደሚያንስ፣ ለትልቅ ዓሣ ስድስት ወይም አራት ማለት እንደነበረብኝ አስረዳኝ። «አባባ፣ ለምን አልጠየቁኝም?» አለ።

ስልኩን ስዘጋ ጆሮዬ ግሎ ነበር። እንደዚያ አውርተን አናውቅም። የደበቅኩት ነገር ለካ የስንት ሳምንት ወሬያችን ነበር፤ በራሴ ተናደድኩ።

ስለዚህ መጠየቅ ጀመርኩ። በሚቀጥለው እሑድ ረጅም አንገት ያለው መንጠቆ ለምን እንደሚሆን፣ በሌላው ቀጭኑ ሽቦ ለምን እንደሚሻል። እሱም ደስ ብሎት ያስረዳኛል። ጥያቄው ሲያልቅብኝ ወደ መጀመሪያው ተመለስኩና «ለመሆኑ ለትልቅ ዓሣ ቁጥር ስንት ነበር ያልከኝ?» አልኩት። ነገረኝ። በሌላውም ሳምንት ጠየቅኩት።

ከዚያ ቀጥሎ ባለው እሑድ ደግሜ ስጠይቀው ግን፣ «አባባ፣ ይህን እኮ ደጋግሜ ነግሬዎታለሁ» አለ፤ ድምፁ ተለወጠ። «እንዲህ መርሳት ከጀመሩ ዝም ብዬ አላይም። ፈቃድ ጠይቄ እመጣለሁ፤ ሐኪም አይቶ አንድ ነገር እስኪለን ድረስ አብሬዎት እቆያለሁ። እስቲ ይንገሩኝ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

ቀኑንማ እንዴት እስተዋለሁ? ሳምንቱን ሙሉ የምጠብቀው እሑድን ነው። ትንሽ ያሰብኩ መስዬ ቆየሁና «ቅዳሜ መሰለኝ» አልኩት።