የትንሿ ጎታ ገብስ

አባቴ ባዩ ሳይጠራ የሰው ማሳ ገብቶ አረም የሚነቅል ሰው ነበር። እኔን ለማጨት የመጡ ሽማግሌዎች እቤት ተቀምጠው ሲጠብቁት፣ እሱ ነጭ ልብሱን እንደለበሰ የጎረቤታችን የመልካሙ ገብስ ውስጥ ሲናር የሚሉትን አረም ሲለቅም ተገኘ። እናቴ ፈንታነሽ ሮጣ ሄዳ፣ "ኧረ ሰው ምን ይለናል?" አለችው።

"ሲናሩ እኮ ፍሬውን ሊያራግፍ ነው። ሽማግሌ ይጠብቃል" አላት።

ሽማግሌዎቹም ጠበቁ። ትዳሩ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ፈረሰ እንጂ፣ የመልካሙ ገብስስ በዚያ ዓመት ጥሩ ሆኖ ነበር።

ይህን የማወራው ለማሳቅ አይደለም። ሰው ስለ አባቴ ሲጠይቀኝ ደግ ነበር፣ ቤተሰቡን የሚወድ ገበሬ ነበር ብዬ ማለፍ እችላለሁ። ግን እኔ ያደረግኩትን ካልተናገርኩ የእሱ ነገር ጎዶሎ ይሆንብኛል።

መሬታችን ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ከጋፋት በላይ ያለ ተዳፋት ነው። ጥቅምት ላይ ክፉ ውርጭ ይወርድበታል። ያን ውርጭ የሚችለው አባቴ ከአባቱ የተቀበለው ጥቁር ገብስ ብቻ ነበር። ሌላው ሰው ወደ ምርጥ ዘር ስንዴና ወደ ባህር ዛፍ ሲዞር እሱ ከጥቁር ገብሱ አልተለየም።

አጨዳ ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው ቤተሰቡን ሁሉ ይዞ ማሳ ይገባል። ለዘር የሚሆነውን ዘለላ እያንዳንዳችን በእጃችን እንመርጣለን፤ ከትንሹ ልጅ ይጀመራል። ስድስት ዓመቴ ላይ አንድ ዘለላ ቆርጬ ሰጠሁት። አገላብጦ አየና በአንድ ጎኑ ፍሬ እንደጎደለው አሳየኝ። "ሌላ ፈልጊ። ይሄ አታሎሻል" አለኝ። አልተቆጣም። ደህናውን እስካገኝ ሁሉም ቆመው ጠበቁኝ።

የተመረጠው ገብስ በበሬ አይወቃም። በእጅ ይታሻል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ ጓዳ ያለችው ትንሿ ጎታ ውስጥ ይገባና አፏ በጭቃ ይመረጋል። እስከ ሰኔ ማንም አይነካትም። አንድ ክፉ ዓመት ቁርሳችንን ትተን በቀን አንዴ ብቻ ስንበላ እንኳ ጭቃዋ አልተሰበረም።

ኩዌት ዘጠኝ ዓመት በሰው ቤት ስሠራ፣ ስልክ በደወልኩ ቁጥር አባቴ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "እዚያ ዘነበ?" ብሎ ነበር። አልዘነበም እለዋለሁ። "አይ ልጄን! መቼ ነው የምትመጪው?" ይለኛል። በየዓመቱ "ዘንድሮ" እለው ነበር።

አምና መስከረም ላይ በረዶ ማሳውን ደበደበው። የተረፈው ትንሿን ጎታ ብቻ የሚሞላ ነበር። አባቴ ጎታዋን ሞልቶ በመረገ በሳምንቱ ደረቱን ያመው ጀመር። ታኅሣሥ አምስት ቀን ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት አረፈ። አሠሪዬ ፓስፖርቴን እስክትሰጠኝ አሥራ ሦስት ቀን ፈጀ። አባቴን አልቀበርኩትም።

ላልቀበረች ልጅ የቀረው የአርባ ቀኑ ተዝካር ነው። የንስሐ አባታችን ቄስ አዲስዓለም ግን፣ "ልጄ፣ ጸሎተ ፍትሐቱ ተደርሷል። ቤታችሁ በረዶ የመታው ቤት ነው። ለነዳያን አንድ መሶብ እንጀራ ይበቃል" አሉኝ።

"አይበቃም አባ፤ ይተዉኝ" አልኳቸው። ዘጠኝ ዓመት ዐረብ አገር ከርማ አባቷን በአንድ መሶብ ሸኘችው መባል አልፈለግኩም። እውነቱን ልናገርና፣ ከአባቴ ነፍስ ይልቅ የሰዉን አፍ ነበር የማስበው።

ለጠላው የሚሆን ገብስ እንዲገዛልኝ እብናት ገበያ ሰው ላክሁ። በዚያ ሰሞን በአካባቢው በነበረው ተኩስ የተነሳ መንገዱ ተዘግቶ ነበርና ባዶ እጁን ተመለሰ። ደብረ ታቦር ገበያም እህል አልገባም። ያን ጊዜ ዓይኔ ትንሿ ጎታ ላይ አረፈ።

"እሷማ ዘር ናት" አለች እናቴ።

"መንገዱ ሲከፈት እገዛለሁ። ገብስ ገብስ ነው እማዬ። ለአባዬ ያልሆነ ለማን ሊሆን ነው?"

እናቴ አንድ ነገር ልትል አሰበችና ተወችው። ጭቃውን በመጥረቢያ ጀርባ የሰበርኩት እኔ ነኝ።

ግማሹን ቆልተን አስፈጨን፤ ግማሹን ለብቅል ዘፈዘፍነው። በሦስተኛው ቀን ብቅሉን ገልጠን ስናይ አንድም ፍሬ ሳይቀር በቅሏል። እናቴ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ፀሐይ ላይ አሰጣነው፤ ደረቀ፤ እሱም ተፈጨ። ለተዝካሩ ሁለት መቶ የሚሆን ሰው መጣ። እንዲህ ያለ ጠላ ጠጥተን አናውቅም ብለው መረቁን። እኔም ደስ አለኝ።

ግንቦት ላይ የአባቴን ዘር ፍለጋ ወጣሁ። በየዓመቱ ከእሱ የሚወስዱ ሰዎች ስለነበሩ አንዱ ጋ አላጣም ብዬ ነበር። ከመልካሙ ጀመርኩ።

"ምን ልበልሽ እመቤት፣ እኔማ ማሳውን ባህር ዛፍ ካደረግኩት ስድስት ዓመቴ" አለኝ። ባህር ዛፉን ከቤቱ ጀርባ እያየሁት ነው የጠየቅኩት፤ ሞኝነቴ።

የመንደሩ ትልቅ ሴት እሜቴ አሰለፈች ደግሞ አቅፈው አለቀሱ። "ያለችኝን ክረምት ላይ በላኋት ልጄ። አያ ባዩ እያለ ዘር መች ይጠፋል ብዬ ነዋ!"

አሥራ አንድ ቤት ዞርኩ። ሁሉም ቤት መልሱ ያው ነው። ሁሉም በእሱ ተማምነው በልተውታል፣ ወይም ትተውታል። ተናደድኩባቸው። በእጃቸው ያለውን የበሉ ሰዎችን፣ የአባቴን ጎታ የሰበርኩ እኔ ተናደድኩባቸው። አንዳንዶቹ ደግሞ ሲሸኙኝ ያንን ጠላ አነሱብኝ።

መንገዱ ተከፍቶ ስለነበር ከገበያ ነጭ ገብስ ገዛሁ። መልካሙ በበሬዎቹ አርሶ ዘራልን። ክረምቱን ሙሉ አምሮ አደገ። ሲናሩን አንድ በአንድ እኔ ነቀልኩት፤ የአባቴን ያህል ባይሆንም ዓይኔ ለምዶ ነበር። ጥቅምት አሥራ አንድ ጠዋት በር ስከፍት ውርጩ ወርዶ ተዳፋቱ ሁሉ አመዳይ ለብሷል። ከሳምንት በኋላ ማሳው ገርጥቶ ቆመ።

ኅዳር ላይ አጨዳ በሚጀመርበት ሰሞን እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ማሳው ስትወርድ አየኋት። ተከተልኳት። ከገብሱ መሃል ቆማ፣ ፊቷን ወደ እኔ ሳትመልስ ተናገረች።

"አባትሽ ሊሞት ሲል፣ 'ትንሿን ጎታ አደራ። እመቤት ዘንድሮ እመጣለሁ ብላኛለች፤ እሷ ትዝራት' ብሎኝ ነበር።"

"ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?"

"አልቀበርሽውማ። ቀን ከሌት ታለቅሻለሽ። ምን ብዬ ልከልክልሽ?"

እናቴ ነጠላዋን አውርዳ በሁለት እጇ ዘረጋችልኝ።

"በይ ምረጪ፣ ከትንሹ ነው የሚጀመረው" አለች።

አንድ ዘለላ ቆርጬ በመዳፌ አሸሁት፤ ገለባ ነው። ሌላም ቆረጥኩ፤ እሱም ገለባ ነው። እናቴ ነጠላዋን እንደዘረጋች ቆማ ትጠብቀኛለች።