የሃምዲን ሽሮፕ ማን ጠጣው?

ከጠዋቱ አራት ሰዓት... ጅቡቲ፣ ካርቲየ 3 የሚሉት ሰፈር፣ አንድ ትምህርት ቤት በር ላይ ጠርሙስና ማንኪያ ይዤ ቆሜያለሁ። ፀሐዩ ከአሁኑ አናት ይበሳል።

ያኔ እዚያው አካባቢ፣ ቡላኦስ ውስጥ አንድ ቤት ተቀጥሬ፣ እዚያው እያደርኩ እሠራ ነበር። የቤቱ ልጅ ሃምዲ ስምንት ዓመቷ ነው። ደም አንሷት ከንፈሯ ሁሉ ነጥቶ ነበር። ሐኪሙ የአይረን ሽሮፕ አዘዘላት፤ በቀን አንዴ፣ ከቁርስም ከምሳም ራቅ ተደርጎ የሚወሰድ። ያ ሰዓት ደግሞ ሬክሬ የሚሉት የትምህርት ቤቱ እረፍት ላይ ዋለ። አስተማሪዋ «እኔ መድኃኒት አልሰጥም፣ ኃላፊነቱን አልወስድም» ስላለች ሥራው የኔ ሆነ።

ደወሉ ሲደወል ሃምዲ ወደ በሩ ትሮጣለች። ዘበኛው ትንሿን በር ገርበብ ያደርግልናል። አፏን ትከፍታለች፣ አንድ ማንኪያ፣ ከዚያ እጇን አውለብልባልኝ እብስ። አንድ ቀን እንኳ አላስቸገረችኝም። እኔም በየቤቱ ለሚሠሩት ጓደኞቼ «እንደሷ ያለች ልጅ አልተወለደችም» እያልኩ አወራላት ነበር... ሞኟ እኔ።

ሽሮፑን በጀመረች በሦስተኛው ቀን ረመዳን ገባ። እናቷ፣ እኔ ማዳም የምላት፣ ለሃምዲ ቁርጡን ነገረቻት።

«አንቺ ገና ልጅ ነሽ፤ ደግሞ አሞሻል። አትጾሚም።»

ሃምዲ እሺ አለች። ጠዋት ጠዋት «እየሄድኩ እበላዋለሁ» እያለች ዳቦዋን ይዛ ትወጣለች። ምሳዋንም ጓሮ ወስዳ ባዶ ሳህን ትመልስልኛለች።

በሦስተኛው ሳምንት ደሟ እንደገና ተመረመረ። ጭራሽ ወርዷል። ሐኪሙ በዚህ ከቀጠለ ሆስፒታል ተኝታ ደም ሊሰጣት እንደሚችል ተናገረ።

ማዳም ስትመለስ ቀጥታ ወደ ማድቤት መጣች። ጠርሙሱን አንስታ ወደ ብርሃን አድርጋ አየችው። ከግማሽ በታች ሆኗል።

«ሙሉ፣ ይሄን ማን ነው የሚጠጣው?»

«ሃምዲ ናት ማዳም። በገዛ እጄ ነው የማጠጣት።»

«ታዲያ እሷ ስትከሳ አንቺ ለምን ወፈርሽ?»

ሳቅና እንባ እኩል መጡብኝ። እውነት ለመናገር በዚያ ወር ከኢፍጣር የሚተርፈው ሳምቡሳ ፊቴን ሞልቶት ነበር። በሳምቡሳ ወፍሬ በሽሮፕ ሌብነት ልከሰስ ነው። «እስከ ሐሙስ ነገሩን ካላወቅኩ ወደ አገርሽ ትሄጃለሽ» አለችኝ። ከሥራው በላይ ግን ያስጨነቀኝ የልጅቷ ነገር ነው። በየቀኑ በእጄ እያጠጣኋት ከእጄ ልታመልጠኝ ነው።

በማግስቱ አንድ ማንኪያ ሽሮፗን ሰጥቼ የሄድኩ መሰልኩና ከዘበኛው ክፍል ጥግ ቆሜ አየኋት። ወደ ጓደኞቿ አልሄደችም። አጥሩን ተከትላ ዞረች፣ አጎነበሰች፣ ተፋች። ለካ ሽሮፑን ጉንጯ ውስጥ ይዛ ነው ስትሮጥ የከረመችው። እሷ ክፍል ስትገባ ዘበኛውን ለምኜ ገብቼ አየሁ። ግድግዳው ሥር ያለው አሸዋ ዝገት የፈሰሰበት ይመስላል። ዳቦዋንም በአጥሩ ቀዳዳ ለሰፈሩ ፍየሎች እንደምታቀብል የነገረኝ ዘበኛው ነው።

ከትምህርት ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ እጇን ይዤ ቆምኩ።

«ሃምዲ፣ እየጾምሽ ነው?»

መሬት መሬቱን አየች። አማርኛውን ከኔ ነው የለመደችው።

«አባዮ፣ ለማማ አትንገሪያት።» አባዮ በነሱ ቋንቋ እህቴ እንደማለት ነው።

«ትሞቻለሽ እኮ።»

«አንቺ ስትጾሚ አልሞትሽም።»

«እኔ ትልቅ ሰው ነኛ።»

ቀና ብላ አየችኝ።

«በሁዳዴሽ የሥጋውን ጨው ማን ቀመሰልሽ? እኔ ነኝ። ጾምሽ እንዳይፈርስ ብዬ ነው። አንቺ ግን የኔን በየቀኑ በማንኪያ ታፈርሺያለሽ።»

እውነቷን ነው። በጾም ሰሞን ለቤቱ የሥጋ ወጥ ስሠራ ልቅመስ ብል አልችል፣ ቀስ ብዬ ሃምዲን እጠራታለሁ። ማንኪያውን ትልስና «ትንሽ ይቀረዋል» ትለኛለች። ለማንም ትንፍሽ ብላ አታውቅም። እኔ ለልጅ ጨዋታ መስሎኝ ነበር፣ እሷ ግን ጾሜን እየጠበቀችልኝ ነበር።

ለማዳም ነገርኳት። ምን ላድርግ? የጨውንም ነገር አልደበቅኩም። ጮኻ የምታባርረኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ወንበር ስባ ቁጭ አለች። ከዚያ ሃምዲን ጠርታ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት።

«አላህ የታመመ ሰው ይጹምልኝ አላለም። ስትድኚ፣ ስታድጊ ትጾሚያለሽ።»

ወደኔ ዞራም «ነገም አንቺው ስጪያት። እስክትውጥ ግን ቁሚ» አለችኝ። ይቅርታ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልጠበቅኩም።

በማግስቱ ደወሉ ሲደወል ሃምዲ አልሮጠችም። ቀስ እያለች መጣች። የክፍሏ ልጆች ከኋላዋ ቆመው ያያሉ። አፏን ከፈተች፣ ዋጠች። ሳልጠይቃት ምላሷን አውጥታ ባዶ መሆኑን አሳየችኝ። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል። አንጀቴን በላችው... ጠርሙሱን ሳልከድን እንባዋን በመዳፌ ጠረግኩላት።

እያደር ደሟ ተስተካከለ፣ ከንፈሯም ቀላ። እኔን ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። አንድ እሑድ ነፍስ አባቴ ዘንድ ሄጄ የሰው ጾም እንዳስገደፍኩ ነገርኳቸው።

«የማንን?»

«የአንዲት የስምንት ዓመት ሙስሊም ልጅ፣ አባ።»

«ለመሆኑ ልጅቷ ዳነች?» አሉኝ።

«ድናለች።»

«ታዲያ ምን ብዬ ልቅጣሽ?»

የራሴን ጾም ስንቴ ገድፌ ዝም ብያለሁ... የተናዘዝኩት የሷን ብቻ ነው።