ከእንጦጦ የወረደው ምሰሶ

ንጉሡ ከተማቸውን እንጦጦ ላይ ባደረጉበት ዘመን እኔ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። ባለቤቴ የአንድ መኮንን ወታደር ነበር። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፣ በሆዴ ግን አንተ ነው፤ እዚህም በሆዴ እንደምለው ልበለው። ጎጇችንን የሠራው ከተራራው ጫፍ፣ በየካ በኩል፣ ነፋስ በማያርፍበት ትከሻ ላይ ነበር። የመሐሉን ምሰሶ ከዚያው ከጥድ ደን ቆርጦ ብቻውን አቆመው። «ከዚህ ሆነን የሚመጣ ሁሉ ይታየናል» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው፣ ሁሉም ይታያል። ውኃ ግን የለም።

ውኃ ያለው ከታች፣ ከቀበና ወንዝ ነው። ጠዋት እንስራዬን አዝዬ እወርዳለሁ። ሞልቼ፣ አፉን በቅጠል ወትፌ ቀና ስል ዳገቱ ፊቴ ተገትሯል፤ ገና ሳልጀምረው ይደክመኝ ነበር። መንገድ ላይ የምንገናኝ ሴቶች ሰላምታ የምንሰጣጠው በአገጭ ነው፤ ትንፋሽ አናባክንም። በበቅሎ የሚወጡ ሲመጡ ከነሸክማችን ጥጋችንን ይዘን እናሳልፋቸዋለን። ካህናቱ ተራራው ለሰማይ ቅርብ ነው ይሉናል። ይሁን፤ ለወንዝ ግን ሩቅ ነው። ባለቤቴ ደግሞ የጥንት ነገሥታት ከተማ እዚሁ ነበር፣ ፍራሹ ተገኝቷል እያለ ይኮራል። ለእነዚያ ነገሥታት ውኃ ማን ይቀዳላቸው እንደነበር የነገረኝ ሰው የለም።

ሁለት ፅንስ ከዚያ ዳገት ላይ ጨነገፈብኝ። በሁለተኛው ጊዜ እንስራውን አውርጄ መንገድ ዳር ቁጭ አልኩ፤ ቆይቼ ተነሣሁና ውኃውን ቤት አደረስኩ። ምን ላድርግ፣ ውኃው ይጠበቃል። ባለቤቴ አዝኗል፣ አልቅሷልም። ሲያጽናናኝ ግን «ነፋሱ ነው የመታሽ» አለኝ። ዳገቱ ትዝ አላለውም። እሱ ያንን መንገድ ሲወጣ ከጠመንጃው በቀር ተሸክሞ አያውቅም።

ሦስተኛውን ሳረግዝ ከተማው ወደ ታች መውረድ ከጀመረ ሰንብቶ ነበር። መጀመሪያ ጌቶቹ ፍልውኃ ሊታጠቡ ይወርዱና ድንኳን ተክለው ሰንብተው ይመለሱ ነበር። በኋላ መመለሱ እየዘገየ ሄደ። ከዚያ በድንኳኑ ቦታ ቤት ተሠራ፣ በየቤቱ ዙሪያ የአሽከር ጎጆ ተቀለሰ። እኔም ደስታዬን ዋጥ አድርጌ ተራዬን እጠብቃለሁ። የባለቤቴ ጌታ ሲወርዱ ግን እሱ ራሱ ለምኖ እላይ ለቀረው ግቢያቸው ጠባቂ ሆነ። «ሜዳ ላይ የሰፈረ ይከበባል» አለኝ። ልጅ ሳለ ሰፈራቸው ሜዳ ላይ ተከቦ ሲቃጠል አይቷል፤ ያንን ስለማውቅ አልተከራከርኩትም። ፈርቶ ነው። ፈራ መባልን ደግሞ ከመከበቡም በላይ ይፈራዋል።

ክረምት ገባና መንገዱ ጭቃ ሆነ። አንድ ጠዋት ባዶ እንስራዬን ይዤ ስወርድ አንሸራተተኝ። በእጄና በጉልበቴ ስለተደገፍኩ ሆዴ አልተነካም፤ እንስራው ግን ድንጋይ ላይ ተፈረካከሰ። ጭቃው ላይ ተቀምጬ ስብርባሪውን ሳይ ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ።

ከወንዙ ማዶ የሚያርሱ አንዲት የኦሮሞ አሮጊት ነበሩ፤ ውኃ ስቀዳ ሁልጊዜ ሰላም ይሉኛል። ያን ቀን ጭቃዬን ይዤ ወንዙ ጋ ስደርስ አይተውኝ ቤታቸው አስገብተው እግሬን አጠቡኝ።

«ልጄ፣ እኛ ወደዚያ ላይ የምንነዳው ከብት ነው። እሱም ቢሆን ሲመሽ ወደ ቤቱ ይወርዳል» አሉኝ።

«እንግዲያስ እማማ፣ እኔንም ከከብቱ ይቁጠሩኝ።»

ሳቁ። እኔ ግን የምሬን ነበር። ወደ ላይ ለሚወጣ ሰው መልእክት ሰጠሁ፤ እንስራው ተሰብሯል፣ እኔም አልወጣም ብዬ።

ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ መጣ። ግባ ቢሉት እምቢ ብሎ ደጅ ቆመ።

«ተነሽ እንውጣ። ሌላ እንስራ እገዛልሻለሁ።»

«የጎደለኝ እንስራ አይደለም። ይሄኛውን ልጅ ዳገት ላይ አልጥለውም። ከዚህ አልነሣም።»

«ቤቴንስ ለማን ልተወው?»

«እንግዲያው ቤትዎን ተሸክመው ይውረዱ» አልኩት።

እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። አየኝ፣ አየኝና ዞሮ ሽቅብ ሄደ። ጀርባው ጉም ውስጥ ሲገባ ትዳሬም አብሮት የገባ መሰለኝ። አለቀስኩ። ግን አልተከተልኩትም።

እዚያው አሮጊቷ ቤት ጥቂት ቀናት አሳለፍኩ። ከላይ የሚወርዱ ሰዎች «ባልሽ የቤቱን ክዳን እያፈረሰ ነው» አሉኝ። ያኔ የተራራው ደን ለቤትና ለማገዶ ተጨፍጭፎ ስለሳሳ፣ የሚወርድ ሁሉ የቤቱን እንጨት ነቅሎ ይዞ ነበር የሚወርደው። የኔው ባል ግን የሚያፈርሰው በንዴት ይሁን ሊወርድ ብሎ አላወቅሁም።

አንድ ቀን ዝናቡ ጋብ ሲል ቁልቁለቱ ላይ አየሁት። ምሰሶውን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ አንድ እግሩን እየጎተተ፣ ደጋግሞ እየቆመ ይወርዳል። ደጁ ላይ ሲደርስ ምሰሶውን አወረደና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ትከሻው ተልጧል። ትንፋሹ እስኪመለስለት ብዙ ቆየ።

«አንቺ እንዲህ ያለ ሸክም ይዘሽ ሽቅብ ነው የምትሄጂው?» አለኝ።

«አዎን።»

«በየቀኑ?»

ከወንዙ ውኃ ቀድቼ በቅል ሰጠሁት።

አሮጊቷ ከማሳቸው ዳር ቦታ ሰጡን፣ ምሰሶው እዚያ ቆመ፣ ሴት ልጃችን ከሥሩ ተወለደች። ውኃው ከደጃችን ነበር።

አሁንስ አረፍኩ ብዬ ነበር። ከተማው ግን ታች ሲሰፋ በአቅራቢያው ያለው ቁጥቋጦ ሁሉ እየተቆረጠ ነደደ፤ ማገዶ የሚገኘው ከዚያው ከተራራው ጀርባ ሆነ። ስለዚህ ጠዋት ባዶ ጀርባዬን እወጣለሁ፣ ከሰዓት እንጨት አዝዬ እወርዳለሁ። ተራራውም ያው፣ ጀርባዬም ያው ነው። የባለቤቴ ጉልበት ከምሰሶው ቀን ወዲህ አልዳነም። ቢሆንም የዳገቱ ግርጌ ድረስ እያነከሰ መጥቶ ሸክሜን ይቀበለኛል።

ልጄ ጠና ስትል እኔም ካልሄድኩ አለችኝ። እምቢ ብላት ደስ ባለኝ፤ ግን ወገቤ አላስቻለኝም። እንጨት ለቅመን በመመለሻችን ቤታችን የነበረበት ትከሻ ላይ ስንደርስ ሣሩ መሐል ጉልቻው ብቻ ቀርቷል። አንዱ ላይ ቁጭ አለች።

«እማዬ፣ እዚህ ሰው ይኖር ነበር?»

«እኛ ነበርን።»

«ታዲያ ለምን ወረዳችሁ?»

እንጨቷን አሳንሼ አሰርኩላት። ገመዱ ደረቷን እንዳይቆርጣት ነጠላዬን አጥፌ ከሥሩ አደረግኩላት።

«አንቺ እንድትወለጂ» አልኳት።

ተነሣች። ሸክሟን ጀርባዋ ላይ አመቻችታ ከፊቴ ቁልቁለቱን ጀመረች።