ለፀጉር የዋለ ክኒን

በስፌት ቤቱ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ልብስ ተኳሿን ሁሉም «ቫይታሚን» ይሏታል። በተወለደች በሳምንቷ የያዛት የሚጥል በሽታ ለስንቱ መድኃኒት አልበገር ብሎ፣ አንድ ሐኪም ጨንቆት የሞከረው ቢ ስድስት የሚባል ቫይታሚን ጸጥ አሰኘው። ጸጥ አለ እንጂ አልለቀቃትም፤ ክኒኑ ከተቋረጠ ይመለሳል።

ይህን ማስረዳት ለግድግዳ እንደማውራት ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስትወድቅ ያያት የለማ።

«ቫይታሚንማ የእኔም ልጅ ይውጣል፣ እንዲወፍር» ይላል ቆራጩ፣ መቀሱን ሳያቆም። ትኩሳት ይዟት ፈቃድ የጠየቀች ቀን፣ ጋሼ የሚሉት የስፌት ቤቱ ባለቤት ብርቱካን ግዙላት ብሎ አሳቀባት። ጥርሷን ነክሳ ወደ ካውያዋ ተመለሰች። ከዚያ ቤት የምትወደው ካውያውን ብቻ ነው።

ቤትም ያው ነው። አብራት የምትኖረው የወንድሟ ሚስት ከወለደች ወዲህ ፀጉሯ እየረገፈ ትብሰለሰላለች። ቫይታሚን ለፀጉር ፍቱን ነው ሲሏት ከልብስ ተኳሿ የክኒን ብልቃጥ እየቆነጠረች፣ ፈጭታ በዘይት እየለወሰች ትቀባ ጀመር። ብልቃጡ ሲራቆትባት ደግሞ እንዳይታወቅባት የራሷን ነጭ የጨጓራ ክኒን ሞላችበት። ልብስ ተኳሿ ምኑን ትወቅ? ሠላሳ ዓመት የለመደ እጅ ሳያይ ነው የሚያጎርሰው።

በአራተኛው ቀን ካውያዋን እንደያዘች ወደቀች። ክንዷ ተቃጠለ፤ የደንበኛ ሱሪም አረረ። ስትነቃ ጋሼ ከራስጌዋ ቆሟል። አሁንስ ያምነኛል ብላ ጠበቀች።

«የሚጥል በሽታ ደብቀሽ ነው እሳት ስትይዢ የኖርሽው?»

«በቫይታሚን ነው የቆምኩት አላልኩዎትም፣ ጋሼ?»

«ቫይታሚን አልሽኝ እንጂ በሽታ መች አልሽኝ።»

ትናንት አሞኛል ስትል ያላመኗት፣ ዛሬ ክኒኔን ካገኘሁ ደህና ነኝ ስትልም አላመኗትም። ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ ተነገራት። ቆራጩ ቦርሳዋን እንደ ቆሻሻ ጨርቅ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አቀበላት።

ቤት ገብታ ብልቃጡን መዳፏ ላይ ገለበጠችው፤ መሐል ለመሐል ጭረት ያለው የእሷ ክኒን አንድም የለም። የወንድሟ ሚስት በር ላይ ቆማለች፣ ፀጉሯ በዘይት ያብለጨልጫል።

«ቫይታሚን ብቻ መስሎኝ እኮ ነው፣ እቴ።»

ወንድሟ ከተቀመጠበት ቀና አላለም። እሷ የተጠቀለለ ክንዷን ደረቷ ላይ አድርጋ የወንድሟን ሚስት ፀጉር ከላይ እስከ ታች አየችው።

«አምሮብሻል» አለቻት። «ሥራዬን ነው የተቀባሽው።»