ጤና አዳም ያቆሰለው ክንድ

በቀደም ከጎብዬ ወደ ቆቦ በሚኒባስ ስመጣ፣ ፊቷ በፀሐይ ተቆጥቶ የተላላጠ ልጅ አጠገቤ ተቀመጠች። ሐኪም ያዘዘላት መድኃኒት ከፀሐይ ጋር አልስማማ ብሏት ነው። ከወዲያ በኩል ያለችው ሴትዮ ግን አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ ወደ መስኮቱ ተለጠፈች። እኔ ግን የተጸየፍኩት ልጅቷን ሳይሆን ሴትዮዋን ነው።

ልጅቷ የልጅነት ጓደኛዬን ሐዋን አስታወሰችኝ። ያኔ ሐዋ ኒካዋ ሊታሰር ትንሽ ቀርቶታል። ማሽላው እሸት ይዞ፣ ማማ ላይ ሆነን ወፍ እንጠብቃለን። ትንኝ አላስቀምጥ ሲላት ጤና አዳም በመዳፏ አሽታ ክንዷን ተቀባች፤ ቁርጠት ስለነበረባት ሆዷንም በዚያው አሸችው። ከዚያ በዚያ የቆላ ፀሐይ ወንጭፍ ስትወነጭፍ ዋለች።

በማግስቱ ክንዷ ውሃ ቋጠረ፤ ፈንድቶም ልብሷ ላይ ይጣበቅ ጀመር። ሽታው እንዳቅለሸለሸኝ አልደብቅም። የባሰው ግን የእጮኛዋ እናት ሊጠይቋት መጥተው ያደረጉት ነው። ሐዋ ያቀረበችላቸውን እርጎ በምርኩዛቸው ጫፍ ገፉት።

«ይች ቁምጥና አለባት። ኒካው ቀርቷል» አሉ።

እኔ አልተዋጠልኝም። ያው ቅጠል የነካው ሆዷ፣ ልብስ ስለሸፈነው ንጹሕ ነው። ቁምጥና ልብስ ለይቶ ያውቃል እንዴ? ጤና አዳሙን ሁለቱም ክንዶቼ ላይ አሸሁና አንዱን በሻሽ ጠቅልዬ፣ ሌላውን ለፀሐይ ሰጥቼ ዋልኩ። በማግስቱ የተራቆተው ልክ እንደ ሐዋ ክንድ ውሃ ቋጠረ። እያቃጠለኝ ደስ አለኝ። የእጮኛዋ እናት ቤት ሮጥኩ።

«እናቴ፣ አንቱ ራስዎ ይዩት! የተሸፈነው ደህና ነው። ቅጠሉና ፀሐዩ ነው!»

ወደ ኋላ አፈገፈጉ። «ያ አላህ! ይችንም አስያዘቻት! ውጭልኝ!»

ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ከዚያ ወዲያ ሁለታችንንም ሰርግ የሚጠራን ጠፋ።

ማሽላው ተወቅቶ ሲገባ ቁስላችን ጥቁር ምልክት ትቶ ዳነ። ያኔ ሴትዮዋ ሽማግሌ ላኩ፤ ሽማግሌዎቹም «ልጅቷ ተፈውሳለች፣ ኒካው ይታሰር» አሉ። ሐዋ ከጓዳ ወጣች።

«ያልታመመ ሰው አይፈወስም። ከፈለጉኝ ራሳቸው መጥተው ይቅርታ ይጠይቁኝ።»

አልመጡም። እሷም ሮቢት ከተማ ሌላ ሰው አገባች።

ይህን ሳወራ ልጆቼ «አላወቁም እኮ፣ እማ» ይሉኛል። አለማወቅን እረዳለሁ፤ እኔም ፊደል ከመቁጠር ብዙ አላለፍኩም። እውነቱ ዓይናቸው ሥር ተዘርግቶ ሳለ ፊት ማዞር ግን አለማወቅ አይደለም። እሱን ሳስብ ዛሬም እንትፍ እላለሁ።