ለአምስት ኪሎ ሞራ

በሳሙና መሥሪያው መስኮት ባለፍኩ ቁጥር አያታለሁ። ጆሮዋ ላይ እርሳስ ሰክታ፣ ከበርሜሉ የሚነሣው እንፋሎት እስከ ትከሻዋ ሸፍኗት፣ ደመና ውስጥ ቆማ የምታማስል ትመስላለች። ግድግዳው በቁጥሯ ተሞልቷል። ለአሥር ኪሎ ሞራ፣ ሞራውን ሳሙና የሚያደርገው ሶዳ አንድ ኪሎ ከአራት መቶ ግራም ነው፤ ከዚያ በላይ ቁንጥር አትጨምርም።

ዛሬ አለቃዋ መጣና በርሜሉ ውስጥ አንድ ጣሳ ሶዳ ደፋ።

«ቶሎ ይጠንክር እንጂ፤ ፋርማሲ አደረግሽው እኮ እቴ።»

«የተረፈ ሶዳ ሞራ ሲያጣ የአጣቢዋን እጅ ነው የሚበላው፣ ጋሼ» አለች ቀና ሳትል። ያንኑ ጣሳ በሶዳ ሞልታ መዘነችና ግድግዳው ላይ አሰላች። «ሰባት መቶ ግራም ጨምረዋል። አምስት ኪሎ ሞራ ያምጡልኝ።»

እያጉረመረመ አመጣ።

እኛስ? ሳሙና አሽትተን እንገዛለን እንጂ ማን እንዳሰላልን መች ጠይቀን እናውቃለን?

ሳሙናው ሲደርስ የመጀመሪያውን ቁራጭ የምትሞክረው በራሷ እጅ ነው፤ አረፋውን እያየች በሐሳብ ጭልጥ ትላለች። የሰው ልብስ እያጠበች በኖረችበት ዘመን፣ ለማስላት የሰነፈ ሳሙና ሠሪ ጣቶቿ ላይ የተወላት ነጭ ጠባሳ አለ።