የደሴቱ ዘበኛ በመዝገብ ጠርዝ ላይ የጻፈው

በመጀመሪያው ቀን አለቃዬ ሄለን የጨርቅ ጓንት ሰጥታኝ ወደ ስካነሩ ክፍል ወሰደችኝ። ዳውንታውን ላስ ቬጋስ ውስጥ ያለ መስኮት የሌለው ክፍል ነው።

"እዚህ ብቻህን ነህ፣ ጋሼ ሰይድ። ኦኬ ነው?" አለችኝ። ሄለን እዚሁ የተወለደች የሐበሻ ልጅ ናት። ከሆቴል ሥራ ጫጫታ ስለመጣሁ ደስ አለኝ። ደስታው ሳምንት አልቆየም።

ሥራዬ አሮጌ ሰነድ ስካን ማድረግ ነበር። ገጹን ዘርግቶ በመስታወት መጫን፣ ምስሉን ቼክ ማድረግ፣ መግለጥ። ሺፍቱን ሙሉ ከማሽኑ በቀር የምሰማው ድምፅ የለም። ሜሪላንድ ፓርክዌይ ያለው አፓርታማዬም ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ጭር ያለ ነው።

በአምስተኛው ዓመቴ የአንድ ደሴት ምሽግ መዝገቦች በሣጥን መጡ። ምሽጉ ወደብ እንዲጠብቅ የተሠራ ነው። የጥንቶቹ መዝገቦች ስለ ባሩድና ስለታመሙ ወታደሮች ያወራሉ። ጦሩ ሲለቅ ግንቡ የባሕር ምርምር ጣቢያ ሆነ። ተመራማሪዎቹ የሚመጡት በሙቀቱ ወራት ነው። በብርዱ ወራት አንድ ዘበኛ ብቻውን እየቀረ በየጠዋቱ የውሃውን ሙቀት ይመዘግባል።

ቁጥሩን ሠንጠረዡ ውስጥ፣ የሆዱን ጠርዙ ላይ ይጽፋል። "ጀልባ አልመጣም።" "ዛሬ ድምፄን ለመስማት ብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩ።" ይህችን ካየሁ በኋላ ገጹን ቶሎ መግለጥ አቃተኝ።

ሄለን ግን "ጠርዙን ክሮፕ አድርገው። ክላየንቱ ነምበር ብቻ ነው የሚፈልገው" አለችኝ። የሦስት መዝገብ ጠርዝ ከምስሉ ላይ ቆርጬ ላክን።

አራተኛው ላይ እንዲህ ይላል፦ "አዲሱ ቴርሞሜትር ዛሬ ደረሰ። አሮጌው ከተሰበረ ጀምሮ አራት ወር የጻፍኩት በግምት ነው።"

መዝገቡን ይዤ ሄድኩ። "ሄለን፣ የላክነው ቁጥር ልክ አይደለም። የአራት ወሩ ግምት ነው።"

"ዴድላይኑ ዓርብ ነው፣ ጋሼ!"

"ደውዪላቸው። ካልደወልሽ እኔ እደውላለሁ።" እንዲህ ተናግሬያት አላውቅም። የምባረር መሰለኝ።

ደወለችና ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገችው። ሥራውን ያዘዘችን ተመራማሪ "ሦስቱንም ከነጠርዛቸው ድገሟቸው" አለች። ቀጥላም "ሰውየው ማን ይባላል?" ብላ ጠየቀችኝ። ስሙን የትም አልጻፈም ነበር።

ሁለት ሳምንት ደገምኩ። ሄለን አልተቆጣችኝም፣ አላመሰገነችኝምም።

እናንተ እዚህ አዲስ የተቀጠራችሁ፣ ወረቀቱን ሙሉውን ስካን አድርጉ። የሚረባውን ከማይረባው መለየት የእኛ ሥራ አይደለም።